ለትንሽ የንፋስ ዋሻ የፕሮፔለር ሞተር እንዴት እንምረጥ?

የንፋስ ዋሻ፣ ብዙዎቻችን ዊንድ ተነል የምንለውን፣ ለመሥራት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ሞተሩን ነው። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። ጠንካራ የሚመስል ሞተር አገኘሁ፤ ገዛሁት፤ ሳጥኑን በኋላ ሠራሁ። ሲነሳ ደስ የሚል ንፋስ ነበረው። አራት ደቂቃ ያህል እንደሠራ ግን ቫርኒሽ የሚቃጠል ሽታ መጣ። እጄን ሳስጠጋ ገና ሳልነካው ሙቀቱ መለሰኝ። ሞተሩ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ሥራው ስንት ዋት እንደሚፈልግ ሳላሰላ ነበር የጫንኩበት።

ስለዚህ ከሞተሩ አንጀምር። መጀመሪያ አየሩን እናስላ። አየሩ ፕሮፔለሩን ይነግረናል፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ ሞተሩን። ሂሳቡ በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ነው።

ደረጃ 1፦ የአየሩን ኃይል አስሉ

ሁለት ቁጥር ብቻ ወስኑ። የመሞከሪያው ክፍል ስፋት ስንት ነው? እዚያ ውስጥ የምትፈልጉት ፍጥነትስ? ለምሳሌ ክፍሉ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ፍጥነቱ 15 ሜትር በሰከንድ። ይህ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እስከ መጨረሻው በዚህ ምሳሌ እንሄዳለን።

በክፍሉ ውስጥ የሚያልፈው አየር የያዘው ኃይል የሚገኘው ግማሽ፣ የአየር እፍግታ፣ ስፋትና ፍጥነት ሲባዙ ነው። ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ይባዛል፦

0.5 × 1.2 × 0.09 × 15 × 15 × 15 = 182 ዋት

1.2 የአየር እፍግታ ነው፣ በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ። 0.09 ደግሞ የክፍሉ ስፋት በሜትር ካሬ።

ሦስት ጊዜ መባዛቱን በደንብ ልብ በሉ፤ ብዙ ሞተር የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። «ትንሽ ልጨምር» ብላችሁ ከ15 ወደ 18 ብትሄዱ ኃይሉ በ73 በመቶ ያድጋል። እጥፍ አድርጋችሁ 30 ላይ ብታደርሱት 182 ዋት የነበረው 1458 ዋት ይሆናል። ፍጥነት ከመጨመራችሁ በፊት የክፍሉን ስፋት ማጥበብ ይቻል እንደሆነ አስቡ። ስፋቱ ሲቀንስ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ መስለው እንዳይታዩአችሁ። የራይት ወንድማማቾች በ1901 የሠሩት የእንጨት ዋሻ ውስጡ 40 ሳንቲ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ንፋሱ 12 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ይደርስ ነበር። ከላይ ባለው ሂሳብ ስታሰሉት 170 ዋት አካባቢ ይመጣል። ከኛ ምሳሌ ጋር ጎን ለጎን ነው ማለት ይቻላል። አውሮፕላናቸውን ያበረረው የክንፍ መረጃ የወጣው ከዚያ ሳጥን ነው።

ደረጃ 2፦ ኪሳራውን አስሉ

ሞተሩ 182 ዋት ብቻ ቢሰጥ አይበቃም። አየሩ በመግቢያው ወንፊትና የማር ቀፎ በሚመስለው ማስተካከያ ሲያልፍ ይታገላል። ግድግዳው ይይዘዋል። ከኋላ እየሰፋ በሚሄደው ክፍል ውስጥ ይረበሻል። ሲወጣም የቀረውን ጉልበት ይዞት ይሄዳል። ለስላሳና በደንብ የተሠራ ዋሻ የሚያጠፋው ከ182 ዋት በታች ነው። ማስፊያው አጭርና ድንገት የሚሰፋ ከሆነ ግን ይብሳል። እኔ ለመጀመሪያ ሥራ «ኪሳራው ከአየሩ ኃይል ጋር እኩል ነው» ብሎ መነሳትን እመርጣለሁ። አየሩ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ጉልበትም ከኪሳራው ስለሚቆጠር፣ ፕሮፔለሩ ለአየሩ መስጠት ያለበት በጠቅላላ 182 ዋት ነው።

ፕሮፔለሩም ራሱ ያባክናል። ከሱቅ የተገዛ ፕሮፔለር በዋሻ ውስጥ ግማሹን ኃይል ወደ ጠቃሚ ንፋስ ከቀየረ ጥሩ ነው። ግማሹ ወደ ሽክርክሪትና ወደ ድምፅ ይሄዳል። 182 ለ0.5 ሲካፈል 364 ዋት። ሞተሩ በሻፍቱ ላይ ማውጣት ያለበት ይህን ነው። 30 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ 475 አካባቢ ይመጣል። 500 ዋት ሞተር እንፈልጋለን ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኢንዱስትሪ ሞተር ታርጋ ላይ የተጻፈው ዋት በሻፍቱ የሚወጣው ነው። በሞዴል አውሮፕላን ሞተር ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው የሚገባው ነው። ያውም የከፍተኛው፤ ብዙ ጊዜም ለ30 ወይም ለ60 ሰከንድ ብቻ የሚቻለው። አውሮፕላን ለመነሳት ያ ይበቃዋል። የንፋስ ዋሻ ግን ግማሽ ሰዓት ሳያርፍ ይሠራል። ስለዚህ «ያለማቋረጥ» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ካልተጻፈ ከተጻፈው ከፍተኛ ግማሹን ብቻ እመኑ።

ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ እፍግታው ወደ 1.0 ይወርዳል። ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚያስፈልገው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግን አትዘናጉ፤ ሳሳ ያለ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። የተለመዱ የኢንዱስትሪ ሞተሮች ታርጋ የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው። ስለዚህ ያተረፋችሁትን ለመጠባበቂያ ተዉት።

ደረጃ 3፦ ፕሮፔለሩንና ዙሩን ወስኑ

ፕሮፔለሩ የሚቀመጠው ከመሞከሪያው ክፍል በኋላ፣ ማስፊያው ሲያልቅ ነው፤ አየሩን ይስባል እንጂ አይገፋም። ከፊት ብታደርጉት ሽክርክሪቱን በሙሉ የምትሞክሩት ነገር ላይ ያራግፈዋል።

ዲያሜትሩ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ስፋቱ 0.196 ሜትር ካሬ ነው። በመሞከሪያው ክፍል በየሰከንዱ የሚያልፈው አየር 1.35 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ በፕሮፔለሩ ጋ ፍጥነቱ 6.9 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 182 ዋትን ለ1.35 ስናካፍል፣ መሻገር ያለበት የግፊት ልዩነት 135 ፓስካል ይመጣል። ይህን በ0.196 ስናባዛ 26.5 ኒውተን እናገኛለን፤ በኪሎ ስናስበው 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ጉተታ።

ይህች ቁጥር ትልቅ ቁልፍ ናት። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ሻጮች «ይህ ሞተር፣ በዚህ ፕሮፔለር፣ በዚህ ቮልት፣ ይህን ያህል ግራም ይጎትታል» የሚል ሰንጠረዥ ያወጣሉ። እናንተ 20 ኢንች ፕሮፔለር ይዞ 2700 ግራም የሚጎትትበትን መስመር ትፈልጋላችሁ። በዚያው መስመር ላይ ዙሩ፣ አምፔሩና ዋቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሰንጠረዡ ውጭ ሜዳ ላይ ቆሞ የተለካ ቢሆንም በኛ ምሳሌ ይሠራል። 50 ሳንቲ ሜትር ፕሮፔለር ቆሞ 26.5 ኒውተን ሲጎትት በውስጡ የሚያልፈው አየር 7.5 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው፤ የኛ ደግሞ 6.9። በጣም ይቀራረባሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ ሰንጠረዡን አትመኑት።

ሁለት ክንፍ ላለው 50 ሳንቲ ሜትር ፕሮፔለር ይህ ጉተታ የሚመጣው በደቂቃ 3800 ዙር አካባቢ ነው። የክንፉ ጫፍ ፍጥነት ያን ጊዜ ወደ 100 ሜትር በሰከንድ ይጠጋል። ይሠራል፣ ግን ይጮኻል። ክንፉን ወደ አራት ብታሳድጉት፣ ወይም ለግፊት የተሠራ ሰፋፊ ክንፍ ያለው ማራገቢያ ብትወስዱ፣ በ2850 ዙር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጫፉ 75 ሜትር በሰከንድ ብቻ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ዋሻ እኔ ሁልጊዜ ቀርፋፋውንና ባለብዙ ክንፉን እመርጣለሁ። በዚያ ላይ ቀጭን ፕሮፔለር ወንፊቱ ሲበዛበት አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቃል። ያን ጊዜ ድምፁ ሆ! ሆ! እያለ ይመላለሳል፣ ንፋሱም አብሮ ይዋዥቃል።

በጫፉና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት አጥብቡ። የዲያሜትሩ 1 በመቶ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሰፋ አየሩ በጫፉ ዞሮ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ የሞተሩን ዓይነት ምረጡ

አሁን ነው ወደ ሞተሩ የምንመጣው። ዋቱንና ዙሩን አውቀናል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፣ እሱም ከሁሉ ይበልጣል፦ የዙሩ መረጋጋት። በሞዴሉ ላይ የሚያርፈው ኃይል በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ የሚባዛ ነው። ንፋሱ 2 በመቶ ከዋዠቀ የምትለኩት ኃይል 4 በመቶ ይስታል። ስለዚህ የምንፈልገው ከዛሬ እስከ ነገ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ ሠላሳኛው፣ አንድ ዓይነት የሚዞር ሞተር ነው።

ሶስት ፌዝ ሞተር ከኢንቨርተር (የኤሌክትሪኩን ኸርዝ ከሚቀያይር መሣሪያ) ጋር። ቦታና ክብደት ካላስጨነቃችሁ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ካርቦን የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ዙሩን በኸርዝ ትሰጡታላችሁ፣ እሱም ይይዘዋል። ቤት ውስጥ ሲንግል ፌዝ ብቻ ቢኖራችሁም ችግር የለም። ሲንግል ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ሶስት ፌዝ 220 የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ። ሞተሩ ታርጋ ላይ 220/380 ወይም 230/400 ካለ በዴልታ ይታሰራል። በስታር ካሰራችሁት ጉልበት አይኖረውም። በ50 ኸርዝ ባለ2 ፖል ሞተር 2850 ዙር አካባቢ፣ ባለ4 ፖል 1430 አካባቢ ይዞራል። ለኛ ምሳሌ 550 ዋት ባለ2 ፖል ከአራት ክንፍ ማራገቢያ ጋር ልክ ይመጣል። ኸርዙ ሲወርድ የሞተሩ የራሱ ማቀዝቀዣም ይዳከማል፤ ነገር ግን የማራገቢያ ጭነት ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚወርድ አያስፈራም። ኢንቨርተሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ያወጣል። የመለኪያ ሽቦዎቻችሁን ከሞተሩ ኬብል አርቁ፣ ኤርዙንም በደንብ እሰሩ።

ሲንግል ፌዝ ሞተር። ርካሽና ጠንካራ ነው። ችግሩ ዙሩ አይስተካከልም። የመብራት ዲመር የገጠመበት ሰው አይቻለሁ፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ዙሩም በጭነቱ ይወሰናል። አንድ ፍጥነት ብቻ ይበቃኛል ካላችሁ ግን አትናቁት። ፍጥነቱን በመውጫው ላይ በሚከፈትና በሚዘጋ መዝጊያ መቀነስ ይቻላል።

ብራሽለስ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይደበቃል፣ አየሩ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ለጠረጴዛ ዋሻ በጣም ያምራል። በባትሪ ግን አታስነሱት። ስድስት ሴል ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 25.2 ቮልት ነው፣ ሲዳከም 21 አካባቢ። የዙር ማስተካከያውን ሳትነኩት ዙሩ እስከ 17 በመቶ ሊወርድ ይችላል፣ የምትለኩት ኃይል ደግሞ በ30 በመቶ። ጠዋት የለካችሁት ከሰዓት አይደገምም። ቮልቱን የሚይዝ ፓወር ሰፕላይ ተጠቀሙ። ሞተሩን የሚነዳው ኢኤስሲ በሰርቮ ቴስተር (በእጅ የሚዞር ቁልፍ ባለው ትንሽ ትእዛዝ ሰጪ) ይታዘዛል፤ ሬዲዮ መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። አንድ ጥንቃቄ አለ። ዙሩን በድንገት ስትቀንሱ አንዳንድ ኢኤስሲ ከረንቱን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይመልሰዋል። ባትሪ ይውጠዋል፣ ፓወር ሰፕላይ ግን ይጠፋል ወይም ይቃጠላል። ብሬኩን በቅንብሩ ዝጉት፣ ዙሩንም ቀስ እያላችሁ አውርዱት።

የዲሲ ካርቦን ሞተር፣ ለምሳሌ ከአሮጌ ትሬድሚል የወጣ። ጉልበት አለው፣ ዙሩም ቮልቱን ተከትሎ ይሄዳል። ካርቦኑ ያልቃል፣ ብልጭታውም የመለኪያ መሣሪያ ይረብሻል። የትሬድሚል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከመብራት መስመሩ አልተለየም፤ ማለትም ዝቅተኛ ቮልት የሚመስለው ጫፍ ሊገድል ይችላል። በኤሌክትሪክ ልምድ ከሌላችሁ ተዉት።

የመኪና ራዲያተር ማራገቢያ። ከሌላው ሁሉ የሚለየው ሞተርና ክንፉ ተጣጥሞ የመጣ መሆኑ ነው። 12 ቮልት ነው፣ ለግፊት የተሠራ ክንፍ አለው፣ ሞተሩም ሙቀት ይለምዳል። ለኛ 500 ዋት አይደርስም። ክፍሉን ወደ 20 በ20 ብታወርዱት ግን ያው 15 ሜትር በሰከንድ 81 ዋት የአየር ኃይል ብቻ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ዋሻ ይህን እመክራለሁ።

የቫኪዩም ክሊነር፣ የግራይንደርና የድሪል ሞተር ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የተሠሩት በብዙ ሺህ ዙር ለአጭር ጊዜ ለመሥራት ነው፣ ጭነት ሲቀንስባቸውም ዙራቸው ያሻቅባል።

ደረጃ 5፦ ዙሩን ከሞተሩ ጋር አጣጥሙ

ብራሽለስ የመረጠ ሰው ኬቪ የሚለውን ቁጥር ያያል። ያለ ጭነት በአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር ነው። በጭነት ሥር ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ይቀራል ብላችሁ ያዙ። 3800 ለ0.75 ሲካፈል 5070። በ24 ቮልት ስናካፍለው 211። ስለዚህ 200 ወይም 220 ኬቪ ሞተር እንፈልጋለን። 900 ወይም 1000 ኬቪ ሞተር ላይ ይህን ትልቅ ፕሮፔለር በ24 ቮልት መግጠም ሞተሩን ለማቃጠል መወሰን ነው። የኔ ሞተር የሸተተው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከረንቱንም አስሉ። 364 ዋት በሻፍቱ ለማውጣት፣ ሞተሩና ኢኤስሲው 78 በመቶ ያህል ብቃት ካላቸው፣ 467 ዋት ይገባል። ለ24 ሲካፈል ከ19 አምፔር በላይ ነው። 40 አምፔር ኢኤስሲና 30 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ያዙ።

ዙሩ አልገጥም ያለ ሰው በቺንጋና በሁለት ፑሌጃ ማስተካከል ይችላል። ሞተሩ ከዋሻው ውጭ ስለሚቀመጥ ጽዳቱም ይመቻል። ቺንጋው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ንቅናቄውም በሞዴሉ ላይ ያለውን ኃይል ወደምንለካበት ሚዛን ይሄዳል። እኔ ቀጥታ መግጠምን እመርጣለሁ።

ደረጃ 6፦ ስትገጥሙ

ፕሮፔለሩ አየሩን ወደ ኋላ ሲወረውር ሻፍቱን ወደ ፊት፣ ወደ መሞከሪያው ክፍል ይጎትታል። ስለዚህ ሞተሩ ኩሽኔታ ያለው ይሁን። በብሮንዚና ብቻ የሚዞር ሞተር ይህን ጉተታ ቶሎ ይበላዋል። ሻፍቱን በጣታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት። ጠቅ ጠቅ ካለ አትግዙት።

የፕሮፔለሩ ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ መሞከሪያው ክፍል ይዙር። ተገላብጦ ቢገጠምም ንፋስ ይሰጣል፤ ግን ደካማ ነው፣ ሰውም ሞተሩን ይወቅሳል። ዳዶው ራሱን የሚያጠብቅ ይሁን፣ ከሥሩም ሮንዴላ አድርጉ። ፕሮፔለሩን ማመጣጠኛ ላይ አስቀምጡት፤ ከባዱ ክንፍ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ክብደቱ ባነሰው ክንፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ።

ከፕሮፔለሩ ፊት ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ግጠሙ፣ ከኋላውም። ከሞዴሉ የተነቀለች አንዲት ብሎን 3800 ዙር ላይ ከክንፉ ጋር ስትገናኝ ሁለቱም ስብርባሪ ይሆናሉ። ሲሠራ በፕሮፔለሩ ጎን፣ ክንፉ በሚዞርበት መስመር ላይ፣ ማንም አይቁም። ማጥፊያውን ከሩቅ በአንድ ምት የሚደረስበት አድርጉት። የፕሮፔለሩን የከፍተኛ ዙር ገደብም ከአምራቹ አረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ፈትኑት

በሩብ ዙር ጀምሩ። ዙሩን በታኮሜትር፣ የሚገባውን ዋት በመለኪያ፣ የንፋሱን ፍጥነት በፒቶ ቱቦ (ፍጥነትን ከግፊት ልዩነት በሚያሳይ ቱቦ) ያዙ። ውኃ በያዘ ቀጭን ቱቦ ብትለኩ 15 ሜትር በሰከንድ ላይ ልዩነቱ 13.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቱቦውን ብታጋድሙት ንባቡ ይረዝማል፣ ለዓይንም ይቀላል።

ዋሻው ጤነኛ ከሆነ ፍጥነቱ ከዙሩ ጋር እኩል ይሄዳል። ዙሩ በሩብ ሲቀንስ ፍጥነቱም በሩብ ይቀንሳል፣ የሻፍቱ ኃይል ደግሞ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዙር እየጨመራችሁ ፍጥነቱ እምቢ ካለ አየሩ ከክንፉ ተላቋል። ያን ጊዜ ትልቅ ሞተር አትግዙ። ወንፊቱን ቀንሱ ወይም ክንፉን ቀይሩ።

ከዚያ በሙሉ ፍጥነት 30 ደቂቃ ይሥራ። በየ5 ደቂቃው የሞተሩን ሙቀት ለኩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሙቀቱ መውጣቱን ካቆመ ደህና ነው። አሁንም እየወጣ ከሆነ ሞተሩ አንሷል ማለት ነው። በብራሽለስ ሞተር ላይ የላይኛው ቅርፊት ከ80 ዲግሪ እንዳያልፍ፤ ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከዚያ ጀምሮ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፣ ያጣውንም አይመልስም።

በመጨረሻ ለ5፣ ለ10 እና ለ15 ሜትር በሰከንድ ዙሩንና ዋቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዋሻው ጎን ላይ ለጥፉ። ከወራት በኋላ ያው 15 ሜትር በሰከንድ ተጨማሪ ዋት ከጠየቀ ወንፊቱን በብርሃን አንጻር ያዙት፤ አቧራ ይዞ ይሆናል። ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ሞተሩን አጥፉና ፕሮፔለሩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው ይቀየር።